ውሃ ነው ያልኩት

ጥቅምት 6
ዛሬም የኩላሊት እጥበት ነበረኝ። ሚዛን ላይ ስወጣ የሲስተር ፊት ተለወጠ። ኩላሊቴ ሥራ ካቆመ ወዲህ የጠጣሁትን ማሽኑ ካልሳበው እዚያው ነው የሚቀረው። ደግሞ ውሃ ጠጣሽ አይደል አለችኝ። አዎ አልኩ። ምንም ሳልጠጣ...
እርጉዝ ነኝ ማለት ይሄን ያህል ይከብዳል? ባል የለኝም እንዴ? ግን ዶክተሩ እንዳላረግዝ ስንቴ አስጠንቅቆኛል። ምክር የማትሰማ ልባል ነው።

ጥቅምት 9
ባሌ ከመንገድ ገባ። ሹፌር መሆኑ በጀኝ... ፊትሽ ወዛ አለኝ፣ ደስ ብሎት። ለሱም አልነገርኩትም። ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ጥቅምት 13
ማሽኑ ብዙ ሳበብኝ። የልጁን ክብደት ውሃ መስሏቸው። እኔ አይደለሁ እንዴ ያስመሰልኩት? ዓይኔ ጨለመ። ስነቃ እግሬን ከፍ አድርገውታል።
«ሲስተር፣ ውሃ አይደለም» አልኳት። እጄን ሆዴ ላይ አደረግኩ።
መሳቡን አቁማ ዶክተሩን ልትጠራ ወጣች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት 14
በአልትራሳውንድ አዩት። ልቡ ይመታል!
ዶክተሩ ከእሁድ በቀር በየቀኑ ትታጠቢያለሽ አለ። ደሜ ካልጠራ ልጁ ይጎዳል። ከእንግዲህ የልጁን ክብደት ከውሃው እየለዩ ነው የሚስቡት። ይተርፋል ብሎ ግን ቃል አልገባልኝም።
ለባሌ ደወልኩ። ነገርኩት።
«ለምን ብቻሽን?» አለኝ። ይህችን ብቻ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረ።

ኅዳር 2
የኔ ተጨማሪ ቀናት ከየት መጡ? እዚያው የሚታጠቡ የአንድ ጡረተኛ መምህር የጠዋት ተራ ለኔ ተሰጠና እሳቸው ወደ ማታ ተዛወሩ። ዛሬ በር ላይ ተገናኘን። ይቅርታ ልል ብዬ ነጠላዬን ማስተካከል ያዝኩ።
«ቤት የሚጠብቀኝ ጋዜጣ ነው፣ ልጄ። እሱ ደግሞ አይርበውም» አሉኝ።
ሳቅኩ። ታክሲ ውስጥ ግን እንባዬ መጣ።

ታኅሣሥ 11
ደከመኝ። ረገጠ።

የካቲት 20
ያለ ቀኗ መጣች። ሴት ናት። ሁለት ኪሎ አልሞላችም፤ ሙቀት ሳጥን ውስጥ አስገቧት። ባሌ በመስታወቱ እያየ አፍንጫዋ ያንቺ ነው ይለኛል። እኔማ ሕመሜን አስተላልፌባት ይሆን የሚለው አልለቀቀኝም...

የካቲት 27
ልነካት ተፈቀደልኝ። መጀመሪያ እስከ ክርን መታጠብ ግድ ነው። መርፌ የሚገባበት ክንዴ ደም ሥሩ ተጠላልፎ አብጧል፤ ሰው ፊት እጅጌዬን ሰብስቤ አላውቅም። እናቶች ተሰልፈዋል።
ሰበሰብኩት።
አጠገቤ ያለችው አየችና ምን ሆነሽ ነው አለችኝ።
«ኩላሊቴ አይሠራም። በዚህ ነው የምታጠበው» አልኳት። ድምፄን ዝቅ ሳላደርግ።
ሳሙናውን አቀበለችኝ።