ስስታም ያሏት ልጅ

ሰኞ፣ ሰኔ 2 ቀን 2006

ማርታን ስስታም አሏት። የማስተምረውን ባዮሎጂ እየፈተንኩ ነበር። ከኋላዋ የተቀመጠው አቤል ወንበሯን በእግሩ ይገፋል፤ እሷ ወረቀቷን በክንዷ ሸፍና ትሠራለች። "ክንድሽን አንሺ እንጂ!" አላት። እየሰማሁት፣ ድምፁን እንኳ ሳይቀንስ። ወረቀቱን ነጠቅኩት። ክፍሉ በሙሉ አጉረመረመ፤ በእኔ ሳይሆን በእሷ። "ስስታም! ስስታም!" ሊኮርጅ የነበረው ቀና ብሎ ተቀምጧል፣ ያላሳየችው አንገቷን ደፍታለች።

ርእሰ መምህሩ አስጠራኝ። "ልጆቹ በአንድ ለአምስት ቡድናቸው እየተረዳዱ ነው የከረሙት፤ ምን ያስቆጣል?"

"ለማጥናት መስሎኝ" አልኩ።

ሳቀ። የአቤል ወረቀት ተመለሰለት።

ማክሰኞ

እዚህ እንዴት እንደደረስን ሳስብ ዋልኩ። ማንም አዋጅ አላወጣም። ከአራት ዓመት በፊት እናቷ በሞተች በሳምንቱ ለፈተና የተቀመጠች ልጅ ነበረች። ከጓደኛዋ ስትገለብጥ አየኋት፤ አሳዘነችኝ፣ ፊቴን አዞርኩ። በሚቀጥለው ሴሚስተር ሌላ ልጅ ስትገለብጥ ያዝኳት። "ቲቸር፣ ለእሷ ዝም ብለሽ የለ?" አለችኝ። ለእሷም ዝም አልኩ። ወሬው ክፍል ከክፍል ዞረ። ሌሎች መምህራንም መጨቃጨቁ ሰለቻቸው። አምና እየፈሩ ነበር የሚኮርጁት፤ ዘንድሮ ሲከለከሉ ይቆጣሉ።

ሒሳብ ለሚያስተምረው ለተስፋዬ ይህንኑ ነገርኩት። "አንቺ ባትጀምሪው ሌላው ይጀምረው ነበር" አለኝ። አላጽናናኝም።

ሐሙስ

የማርታ ደብተሮች ተቀዳደው ከሽንት ቤቱ ጀርባ ተገኙ። ከከተማው ወጣ ካለችው ከቱላ በአንድ ባጃጅ አብረዋት የሚመጡት ልጆችም ዛሬ "ቦታ የለም" ብለው ትተዋት መጡ። ላብ በላብ ሆና፣ አርፍዳ ደረሰች።

ከሰዓት አባቷ መጡ። ቱላ የሚያርሱ ሰው ናቸው። አማርኛቸው ዝግ ያለ ነው፤ ቃሉን እየመረጡ ይናገራሉ።

"መምህርት፣ ልጄ ምን አጠፋች?"

"ምንም አላጠፋችም፣ አባባ።"

"ምንም ያላጠፋ ሰው ይጠላል?"

ወንበር ሳብኩላቸው። እሳቸው ቀጠሉ። "የጸሎት ቤት ልጅ ናት። ስርቆት ኃጢአት ነው ብዬ ነው ያሳደግኳት። ግን ነገም የምትኖረው ከእነዚሁ ልጆች ጋር ነው። እርስዎ የተማሩ ነዎት፣ ይንገሩኝ። ከሰው ተለይታ የት ትኖራለች?"

"ትጽና፣ እኔ አለሁላት" ማለት ነበረብኝ። "እርስዎ ያውቃሉ" አልኳቸው። እኔ ፈሪ! ከሰው እንዳትለይ እንደ መምከር ቆጠሩት መሰለኝ፤ አመስግነውኝ ሄዱ።

ዓርብ

እንግሊዝኛ ፈተና፤ ፈታኟ እኔ። ማርታ መጀመሪያ ላይ እንደወትሮዋ ሸፍና ትሠራ ነበር። ከዚያ አቤል ወንበሯን በእግሩ ነካ አደረገው። ክንዷን አነሳች። ወረቀቷን ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ ገፋ አድርጋ፣ እንዲታየውም ዘንበል አደረገችው። ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተያየን። በመካከላችን ሁለት እርምጃ ቢሆን ነው።

ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ብከለክላት ዱላው የሚያርፈው እሷው ላይ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ውሸት አይደለም። ግን የዞርኩት ለዚያ አይደለም። ደክሞኝ ነው። ብቻዬን መጨቃጨቅ ሰልችቶኝ።

ማንም አልጮኸም፣ ማንም አልተሳደበም። እንዲህ ጸጥ ያለ ፈተና ፈትኜ አላውቅም።

ቅዳሜ

የሰኔ ጾም ስለገባ ዓሣ ልገዛ ሐይቁ ዳር ወዳለው ገበያ፣ አሞራ ገደል ወረድኩ። እኛ ቤት በጾም ዓሣ ይበላል። ማርታን እዚያ አገኘኋት። ከአቤልና ከሌሎች አራት ልጆች ጋር ጥሬ ዓሣ በሚያቃጥል የቃሪያ ዳጣ ይበላሉ፤ አፏን ይዛ ትስቃለች። ሲያዩኝ ሁሉም መብላት አቆሙ። እሷ እጇን ጠራርጋ ወደ እኔ መጣች።

"ቲቸር፣ በእኔ እንዳትጨነቂ። አሁን ደህና ነኝ።"

እውነቷን ነው፤ ፊቷ ወዝቷል። ልቆጣት ፈለግኩ፣ ይቅርታ ልጠይቃትም ፈለግኩ። "በርቺ" ብቻ አልኳት። በምን እንደምትበረታ ሳልነግራት ወደ ጓደኞቿ ተመለሰች። ቦታ ለቀውላት መሀላቸው ተቀመጠች።

ዓሣውን ሳልገዛ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሰኞ ኬሚስትሪ አላቸው፤ ፈታኝ ሆኜ የተመደብኩት እዚያው ክፍል ነው። ወረቀቷን እንደገና ብትሸፍን ከጎኗ እቆም እንደሆነ እንጃ።