አቶ እንግዳወርቅ ገላው እና የሎረል እሑዶች

አቶ እንግዳወርቅ ገላው ከአባታቸው ከአቶ ገላው ኃይለልዑልና ከእናታቸው ከወይዘሮ ርብቃ አያሌው ጥር 12 ቀን 1942 ዓ.ም. በደሴ ከተማ ተወለዱ። በወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ተምረው በጥሩ ውጤት ካጠናቀቁ በኋላ በ1961 ዓ.ም. ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝተው ኤሌክትሪካል ምህንድስና ለመማር ሜሪላንድ፣ ኮሌጅ ፓርክ ገቡ።

ከዚያ ቀጥሎ ያሉትን ሦስት ዓመታት እንዲህ ባለ ጽሑፍ መዝለል የተለመደ ነው። እንዲጻፉ ያዘዙት ግን ራሳቸው ናቸው።

ኮሌጅ ፓርክ ያኔ ተማሪው ጠጉሩን አስረዝሞ፣ ጫማውን ጥሎ የቬትናምን ጦርነት የሚያወግዝበት፣ ዓለም እስከሚመጣው ክረምት ትለወጣለች ብሎ ከልቡ የሚያምንበት ከተማ ነበር። አቶ እንግዳወርቅ የተበላሸ አምፕሊፋየር ሊጠግኑ አንድ ምድር ቤት ወረዱ፤ እዚያው ቀሩ። የሚለማመደው ባንድ ኦርጋን ተጫዋች አልነበረውም። እሳቸው አንቺሆዬን በኦርጋን፣ ራሳቸው በሠሩት የማስተጋቢያ ሣጥን አሳልፈው ሲጫወቱ ጊታር መቺው ዴኒስ ሃርገን መጫወቱን አቁሞ አዳመጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ አልተለያዩም። ጳጉሜን የምትባል ወር መኖሯን ከእሳቸው ሲሰሙ ልጆቹ የባንዱን ስም «አሥራ ሦስተኛው ወር» አሉት። በሁለት መስታወት መካከል የፈሰሰ ባለቀለም ዘይት በፕሮጀክተር አንሶላ ላይ ሲንሳፈፍ፣ አንድ ዘፈን ግማሽ ሰዓት ይሄድ ነበር። አእምሮን ይከፍታል የተባለለት ኤልኤስዲ የሚባል የሚያቃዥ ዕፅ የተንጠባጠበበት ስኳርም ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር።

በ1963 ዓ.ም. የፋሲካ ዕለት አቶ እንግዳወርቅ ባንዱን ምሳ ጋበዙ፤ ሁሉንም በየተራ አጎረሱ። በኋላ ስኳሩ ሲመጣም ጨዋታውን ቀጠሉ። ዴኒስን አንድ አጎረሱት። «በቃኝ» አለ። «በእኛ አገር ጉርሻ አንድ ብቻ አይሆንም» ብለው ሁለተኛውን ጨመሩለት። ሁሉም ሳቀ፤ ዴኒስም ሳቀ። ከዚያ በኋላ ወደ ራሱ አልተመለሰም።

ሐኪሞች የአእምሮ በሽታው ቀድሞም በውስጡ ሳይኖር አይቀርም ብለዋቸዋል። አቶ እንግዳወርቅ አልተቀበሉም። ኦርጋንም ዳግመኛ አልነኩም።

ትምህርታቸውን በ1966 ዓ.ም. ጨርሰው ከዚያው ሳይርቁ አሌክሳንድሪያ ውስጥ የቴሌቪዥን መጠገኛ ሱቅ ከፈቱ። በ1975 ዓ.ም. ከወይዘሮ አበዛሽ ከፈለ ጋር ትዳር መሥርተው ሲልቨር ስፕሪንግ ኖሩ፤ ናዝራዊትንና አክሊልን ወለዱ። ዴኒስ ወላጆቹ ሲሞቱ ሎረል ወደሚገኝ የሕሙማን መኖሪያ ገባ። አቶ እንግዳወርቅ ዴኒስ ከታመመበት ከመጀመሪያው ዓመት አንሥቶ እሑድ እሑድ ስምንት ሰዓት ላይ እሱ ዘንድ ነበሩ። ጢሙን ይላጩታል፣ ጥፍሩን ይቆርጡለታል። ሠርግም ሆነ ክርስትና እሑድ ከዋለ ወይ ይቀራሉ ወይ አቋርጠው ይወጣሉ።

«ሎረል ሌላ ቤት አላቸው» ተብሎ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲወራ፣ ወይዘሮ አበዛሽ አንድ እሑድ ተከትለዋቸው ሄዱ። የአንድ ግዙፍ፣ ዝምተኛ ፈረንጅ አገጭ ላይ ሳሙና ሲቀቡ አገኟቸው።

«ሴት ብትሆን ይሻለኝ ነበር» አሏቸው። «ሴት እኮ አንድ ቀን ትተዋታለህ።»

አክሊል የተመረቀው እሑድ ነው። «ዳድ፣ አንድ ሳምንት ስኪፕ ብታደርገውስ?» ብሏቸው ነበር።

«ከጠዋት ጀምሮ ኮቱን ለብሶ መስኮት ላይ ነው የሚጠብቀኝ» አሉት፤ ሳይገኙለት ቀሩ። አክሊል ስድስት ወር አላናገራቸውም።

ባለፈው ነሐሴ የቆሽት ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። ሆስፒታል ተኝተው ስለ ቀብራቸውም ስለ ቤታቸውም አላነሡም። የጠየቁት «እሑድ ማን ይሄዳል?» ብለው ብቻ ነው። ወይዘሮ አበዛሽ ጉልበታቸውን አመካኙ። አክሊል የሚኖረው ቴክሳስ ነው። ናዝራዊት «እስኪ አያለሁ፣ አባዬ» አለቻቸው። ከዚያ በኋላ አልጠየቁም። ዓርብ ጥቅምት 28 ቀን 2018 ዓ.ም. በሰባ አምስት ዓመታቸው ዐረፉ።

ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና ዴኒስ ሃርገን ከኋላቸው ቀርተዋል። በሦስተኛው ቀን፣ እሑድ፣ ሁላችንም ለቅሶ ቤት ስለነበርን ሎረል የሄደ የለም። ዴኒስ ራቱን እንዳልበላ ከመኖሪያው ተደውሎ ተነግሮናል። መሞታቸውን ያልሰማው እሱ ብቻ ነው። የፊታችን እሑድ ናዝራዊት ሄዳ ትነግረዋለች፤ ጢሙንም ትላጨዋለች።

እግዚአብሔር፣ አቶ እንግዳወርቅ ለራሳቸው የከለከሉትን ይቅርታ እሱ ይስጣቸው፤ ነፍሳቸውንም ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን። አሜን።