ከጎመኑ መደብ የወጣው ጋዝ

እህት ዓለም፣

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? የአባባ ሳል ጋብ አለ? እሳቸውን እያገላበጥሽ፣ ልጆቹን እያሯሯጥሽ እንቅልፍ የሚባል ነገር ይደርስሻል? እኔ ደህና ነኝ፤ ድካሙ ግን አጥንቴ ድረስ ገብቷል።

አባባ «መጣ ወይ?» ባሉ ቁጥር «መንገድ ላይ ነው» እያልሽ እንደምትሸነግያቸው ጽፈሽልኛል። እመጣለሁ፣ አንቺም ታርፊያለሽ ብዬ ቀረሁ። ብትቀየሚኝ አይፈረድብሽም፤ ብቻ የሆነውን ስሚኝ።

ሥራችንን ታውቂዋለሽ። ከፋብሪካ ጭስ የተለየውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጨምቀን ወደ ምድር ሆድ እንሰደዋለን። እታች ቀዳዳው የበዛ ድንጋይ አለ፤ እንደ ስፖንጅ መጥጦ ይይዘዋል። በላዩ ድፍን ድንጋይ እንደ ክዳን ተጭኖበታል። የኔ ድርሻ ክዳኑ እንዳያፈስ መጠበቅ ነው፤ ለዚሁ ብለን አፈሩ ውስጥ በየቦታው መለኪያ ቀብረናል።

ታዲያ ሻንጣዬን ቆልፌ ልወጣ ስል በአጥሩ ጥግ ያለው መለኪያ ጮኸ። ጋዝ ወጣ! አለቃችን ፊቱ አመድ መሰለ። ሥራው ቆመ፣ የሁላችንም ፈቃድ ተሰረዘ። ቧንቧውን ፈተሽን፣ ጋዙ የሚወርድበትን ጉድጓድ ሲሚንቶ ፈተሽን፤ ምንም የለም። እንቅልፍ አጥተን ቆመን ማንቀላፋት ጀመርን።

በመጨረሻ መለኪያውን ልናወጣ ስንቆፍር ምን ብናገኝ ጥሩ ነው? የድንች ልጣጭ፣ የበሰበሰ ሽንኩርት! ለካ «ጓሮ» የምንለው ወጥ ሠሪያችን ጎመን ሊተክል የኩሽናውን ትራፊ እዚያው ሲቀብር ኖሯል። ብስባሽ ደግሞ ያንኑ ጋዝ ይተፋል። ምነው ቦታ ጠፋ ብንለው፣ እዚህ አፈሩ ለስላሳ ነው አለን። ለመለኪያው ብለን ያለሰለስነው እኛው ነን እኮ! ሁሉም በሳቅ ፈነዳ። እኔ ግን፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ጉድጓዱ ዳር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በጎመን ምክንያት አባባን ሳላያቸው ብቀርስ?

ፈቃድ እንደገና ሲጀመር መጀመሪያ የሚወጣው ጓሮ ነበር። ማንም ሳይነግረው አለቃው ዘንድ ገብቶ፣ ስለ እኔ «እሱ ይቅደም፣ እኔ እቆያለሁ» አለ። ጠላሁህ ልለው አስቤ አቀፍኩት።

ሐሙስ በጠዋት እነሳለሁ። ስደርስ ሽር ጉድ እንዳትዪ፤ አባባን እኔ እጠብቃለሁ፣ አንቺ በርሽን ዘግተሽ ተኚ።

ትንሿን ጉንጯን፣ ትልቁን ግንባሩን ሳሚልኝ። ባለቤትሽን «በጣም ናፍቀኸኛል ብሎሃል» በዪው። ደብዳቤውን ሹፌራችን ነገ ፖስታ ቤት ያስገባልኛል፤ እጅሽ ሲገባ እኔም ተነስቻለሁ። እንግዲህ አባባ ሲጠይቁሽ «መንገድ ላይ ነው» በያቸው። አሁን ውሸት አይደለም።

ወንድምሽ
ከሥራ ሰፈሩ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ