ወተት ያላጠበው አቧራ

አዲስ አበባ፣ ወሰን፣ ኅዳር 1976 ዓ.ም.

እህታለም፣ የአላህ ሰላም አንቺ ካለሽበት አይራቅ። ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይ? ደሴ ዘንድሮ ብርዱ በርትቷል ብለውኝ ሳስብሽ ነው የሰነበትኩት። እኛም አልሐምዱሊላህ አለን፤ ይህም መኖር ከተባለ።

ነጅመዲን እንጦጦ ሥር ካለው የድንጋይ ካባ፣ መፍጫው ላይ ከቆመ ወዲህ እንደሚያስለው ታውቂያለሽ። አሁን ትንፋሹ ዳገት አላስወጣ ሲለው ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ዶክተሩ ደግ ሰው ነው፣ እንደ ልጅ አስረዳን። ሳንባን ከውስጥ የሚጠብቁ በዓይን የማይታዩ ሕዋሳት አሉ አለ። የገባውን አቧራ ውጠው ያጠፉታል። የድንጋይ ብናኝ ግን አይጠፋላቸውም፤ የዋጡት ራሳቸው ይሞታሉ። ብናኙ እዚያው ይቀርና ሌሎች መጥተው ይውጡታል፤ እነሱም ይሞታሉ። ቦታው ጠባሳ እየሆነ ይደርቃል። ነጅመዲን ታዲያ በየተራ ተወስደው እንደቀሩት የቀበሌያችን ልጆች ናቸዋ ብሎ ሊስቅ ሲል ሳሉ ያዘው። ዶክተሩ ደንግጦ በሩን አየ።

ስለ ወተቱም ጠየቅኩት። ካባ የሚውል ሁሉ ማታ ወተት የሚጠጣው አቧራውን ያጥባል ተብሎ አይደል? እኔም ከልጃችን ከከይሪያ አፍ እየነጠቅኩ ለአባቷ ያጠጣሁት ለዚሁ ነበር። ዶክተሩ አንገቱን ደፍቶ፣ ወተት የሚወርደው በሌላ መንገድ ነው፣ ሳንባ አይደርስም አለኝ። ስንመለስ ነጅመዲን ይህን ለካባ ጓደኞቹ እንዳልናገር አስማለኝ። ተያቸው ይጠጡ፣ ሌላ ምን አላቸው አለኝ። ተናደድኩበት፣ ወዲያው ደግሞ አሳዘነኝ።

ዶክተሩ የኔንም ሥራ ጠየቀኝ። እዚያው መፍጫው ሥር ጠጠር እለያለሁ አልኩት። ነጅመዲን መድኃኒት ሊያመጣ ወጥቶ ሳለ ጀርባዬን አዳመጠ፣ ራጅም አስነሣኝ። የታየብኝን ለነጅመዲን አልነገርኩትም፤ የራሱ ይበቃዋል።

እህታለም፣ ደክሞኛል። ከይሪያን ውሰጂልኝ። አባቷ ለጊዜው ነው ብሎ ፈቅዷል፤ አንቺ ግን ለጊዜው ብለሽ አትውሰጃት። ጨለማ ትፈራለች። ፀጉሯን ስትጎነጉኛት ታለቅሳለች፣ አትስሚያት፣ ጨርሺው። አሁን አክስቴ ነው የምትልሽ። አንድ ቀን ተሳስታ እማዬ ካለችሽ አታርሚያት።

አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ለሷ ሲል።

ታናሽሽ