አራት ቦታ የተቆረጠው ሳንባዬ

ሰኞ
ደባርቅ ሆስፒታል ደርሼ መጣሁ። ሳይነሴ እንደ ልማዱ መግል ሞልቷል፤ እሱን ለምጄዋለሁ። የደረት ራጄ ላይ ግን በቀኝ ሳንባዬ ታች ነጭ ጥላ አለ። ዶክተሯ ዙሪያውን በጣቷ ተከተለችው።

"የቆየ ጠባሳ ከሆነ በያዝሽው መድኃኒት እንቀጥላለን። አዲስ ከሆነ ግን ላንቺ አደገኛ ነው፤ ጎንደር ሄደሽ በቱቦ ከሳንባሽ ናሙና ይወሰድልሻል" አለችኝ። አርብ ከዚህ በፊት የተነሳሁትን የደረት ራጅ ፊልም ለማነጻጸሪያ ይዤ እንድመጣ አዘዘች።

ላንቺ ማለቷ ከተወለድኩ ጀምሮ ሰውነቴ በሽታ መከላከል ስለማይችል ነው። ሰፈሩ የሚጠረጥረው ሌላ ነው። ማስረዳት ሰልችቶኛል።

ማክሰኞ
ዳባት። ቤቴ ስፈልግ የራጁ ፖስታ አለ፣ ፊልሙ የለም። ከዚያ ትዝ አለኝ። ፀሐይ የተጋረደች ዕለት እኔ ትኩሳት ይዞኝ ተኝቼ፣ አከራዬ እትዬ ዘነቡ ፀሐይዋን ማያ ብለው በመቀስ አራት ቦታ ቆርጠው ለግቢው አደሉት። ያኔ ራጅ ያነሳኝ ክሊኒክ ደግሞ ከተዘጋ ቆየ፤ ሌላ ቅጂ የለም።

"ድነሽ የለም ወይ፣ ምን ያደርግልሻል ብዬ ነው" አሉኝ ዛሬም። የራሳቸውን ቁራጭ ከዳዊታቸው መሐል አውጥተው ሰጡኝ። የግራ ትከሻዬ ነው።

ረቡዕ
ሁለት ከተከራዮቹ ተገኘ። አንዱ ቁራጭ የተሰበረ መስኮት ደፍኖ ነበር። የቀረው ያ የቀኙ ታች ነው፤ እሱን ያኔ ግቢያችን ተከራይ የነበረው በቅሎ ጫኙ አያሌው ይዞታል፣ አሁን ሰሜን ተራሮች ላይ፣ ጨነቅ ካምፕ ነው ያለው። ስልኩ አይሠራም። ወደዚያ በሚወጣ ሾፌር መልእክት ላክሁ። ሳሉ ብሶብኛል።

ሐሙስ
ከአያሌው ምንም የለም። ክፍል ውስጥ ሳስተምር ሲያስለኝ ልጆቹ ከፊት ወንበር ወደ ኋላ ሸሹ። ፈራሁ። ጎንደር ከሄድኩ አልመለስም የሚል ሐሳብ ያዘኝ።

እትዬ ዘነቡ ለደረስጌ ማርያም ተስለዋል፤ "ያቺ ቁራጭ ብቻ ትምጣ" ይላሉ። ልቆጣቸው ነበር። እንባቸውን ሳይ ተውኩት።

አርብ
አያሌው ደባርቅ መነኸሪያ ቆሞ ጠበቀኝ። ቁራጩን ከባርኔጣው ገበር ውስጥ አወጣው።
"ቱሪስቶቹ ጭላዳ ዝንጀሮ ሲያዩ እኔ ፀሐይ አይበታለሁ፣ መምህርት" አለኝ።

ዶክተሯ አራቱን በፕላስተር ገጣጥማ መብራቱ ላይ ሰቀለች። ጭረት በጭረት ሆኗል። አንዴ አዲሱን፣ አንዴ አሮጌውን ታያለች።

"ያኔም ነበረ። መጠኑም ያው ነው፤ ጠባሳ ነው" አለች።

ለሳይነሱ መድኃኒት ጻፈችልኝ፤ ሳሉም ከእሱ በሚወርደው መግል ነው አለች። ጎንደር ቀረ።

አያሌው በር ላይ ነበር። "ካለቀ ቁራጬን መልሽልኛ" አለኝ።
ሳንባዬ ነው አልኩት። ዳባት እስክገባ ፊልሙን ከእቅፌ አላወረድኩትም።