ዳማ እግሩን ሲያነሳ

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 6። ከሰዓት 10፡00፣ ማርቆስ

እንደገና ፋቅሁት። የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ ዛሬም ጠረጴዛ ሆነብኝ፤ እግር አለው፣ አይሄድም። የአባዬ ሰፈር ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሸራውን ለጥምቀት ይፈልጉታል። የሥዕል መምህርት ነኝ እያልኩ በፈረስ እግር መሸነፌን፣ አንቺ ደብተር፣ ለማንም እንዳታወሪ።

ስልኬ ላይ የድሮ የፈረንጅ ሥዕሎች ሳይ ዋልኩ። ነገሥታት የተቀመጡባቸው ፈረሶች። አንገታቸው ቆልመም፣ አንድ የፊት እግር አየር ላይ፣ ፊታቸው ግን የረጋ። እንዲህ የሚቆሙት አዳራሽ ውስጥ ለዓመታት ተገርተው ነው ይላል ጽሑፉ። ቀናሁ።

ወንድሜ ሙላት ከደጀን ደወለ። ሱቁን ትቶ የሚደውለው ነገር ሲኖረው ነው። አባዬ ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ፈረሳቸው ዳማ ቆሞ ይበላል፤ ጋሪ የሚነዳ ገዢ አግኝቻለሁ፣ ከገና በኋላ ይወሰድ አለ። ዳማን ጋሪ? ግን እውነቱን ነው፣ የሚቀመጥበት የለም።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 11። ጉንደ ወይን፣ አባዬ ቤት

መንገድ ክፍት ነው ሲባል መጣሁ። አባዬ በምርኩዝ ደጅ ወጥተው ጠበቁኝ። ከስተሻል አሉ፤ ከስቼ ያላገኙኝ ቀን የለም። ዳማ ቦርሳዬን አሽትቶ ቆሎውን አገኘ። ሆዳም። ስወደው።

ንድፌን አሳየኋቸው። ሳቁ። ፈረሱን ጥርሱን ያፋጨ፣ ዓይኑን ያጉረጠረጠ አድርጌዋለሁ፣ ዘንዶውን ሊነክስ። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም፣ መዋጋቱ የሰማዕቱ ነው፣ እሱን ምን አስቆጣው? አሉኝ። የፈረንጁን ሥዕል ሳሳያቸው ግን ስልኬን ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ይህንን ዳማ ያደርገዋል አሉ። ልጓሙን ሰብሰብ ካደረጉለት በጥምቀት እንዲህ ነበር የሚንጎራደደው። እኔ ያኔ አዲስ አበባ ተማሪ ነበርኩ፤ አላየሁም።

አሁን ልየው አልኩ። በገመድ ስስበው ዝም ብሎ ተከተለኝ። ሰው ካልተቀመጠበት አያደርገውም አሉ። የሰፈር ጎረምሶችስ? አልኩ። ልጓም እየጎተቱ አፉን ያበላሹታል አሉ። ሙላትስ? ሙላት ዶሮም ይፈራል። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

ስንት ፈረስ ስዬ ፈረስ ላይ ወጥቼ አላውቅም። እምቢ አልኩ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 12። ከቅዳሴ መልስ

ወጣሁ። ዳማ ላይ፤ እግሩን ሳላይ ሥዕሉ አያልቅምና።

መጀመሪያ ጫማሽን አውልቂ ተባልኩ። የአባዬ እርካብ አውራ ጣት ብቻ ነው የሚያስገባ። የሰማዕቱን ጣት ቀለበት ውስጥ እስል ነበር፤ ለጌጥ ይመስለኝ ነበር። ሞኝ።

አባዬ ከታች ያዛሉ። አትጎትቺው፣ ጠይቂው። ጀርባሽን አቅኚ። በልጅነቴ እንኳ እንዲህ አልተቆጡኝም። ዳማ ግቢውን እንደ ላም ዞረ። ተስፋ ቆርጬ ትንፋሼን ስለቅ፣ እጄን ሰብሰብ ሳደርግ፣ አንገቱ ከፊቴ ተነሣና ተቆለመመ። ጀርባው ከሥሬ ሞላ። አንዱን እግር አነሣ፤ ቆየት አደረገው፤ አስቀመጠ። ከዚያ ሌላውን። ቀስ ብሎ፣ በኩራት።

ችግሩ፣ ላየው የመጣሁትን እግር ከላይ ሆኜ አላየውም። ስልኬን ሰጥቻቸው ነበር እንዲቀርጹ፤ የተቀረጸው የገዛ ጣታቸው ነው። እስከ የት ያነሣዋል? ብዬ ጠየቅሁ። ዘወር ስል ያለቅሳሉ። ጉልበቱ እስከ ደረቱ ነው ልጄ፣ እስከ ደረቱ አሉ። ዳግመኛ የማየው አልመሰለኝም ነበር አሉ።

እኔም ፈረስ ላይ እንዳለሁ አለቀስኩ። የጋሪውን ነገር ማንሣት አቃተኝ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 14። ማርቆስ

ጭኔ አልቋል። ት/ቤት ቆሜ አስተማርኩ፤ ተማሪዎቹ ምን ሆና ነው ይላሉ። ይበሉ።

እግሩ ተሳለ! በእርሳስ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሳልፍቅ። ወገቤ ያውቀዋል፣ እጄ ተከተለ። ፊቱንም አረጋሁት። ቀለሙ ብቻ ከበደኝ፤ የሰማዕቱ ፈረስ አምባላይ ነውና ቡናማውን ዳማዬን ነጭ ቀባሁት። አኩርፎኝ ይሆናል።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 17። ማታ

ለሙላት ደወልኩ። ዳማ አይሸጥም አልኩት። ተቆጣ። ሥዕሉ አለቀልሽ አይደል፣ ከእንግዲህ ማን ሊቀመጥበት ነው? አለ። እኔ አልኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ መንገድ ክፍት እስከሆነ ድረስ። ሳቀ፣ ብዙ ሳቀ። ከዚያ፣ አባዬ ያውቃሉ? አለኝ። አልነገርኳቸውም፣ ነገ ስደርስ ይስሙት አልኩ። እሺ፣ ለጋሪው ሰውዬ ሌላ ፈረስ እፈልግለታለሁ አለ። ወንድሜ ክፉ አይደለም።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 18። ጠዋት 12፡30፣ መናኸሪያ

ሚኒባሱ እስኪሞላ። ከኋላ ወንበር ነኝ፣ ነጠላ ጫማ አድርጌ።

አሁን የአባዬ ጎረቤት ደወለ። መቼ ነው የምትደርሺው? አለኝ። እንደምመጣ ማን ነገረህ? አልኩት። ማንም አልነገረኝም፤ አባትሽ ገና ሳይነጋ ቀስቅሰውኝ ፈረሱን አስጭነውኛል፣ ይኸው በር ላይ ልጓሙን ይዘው ቆመዋል፣ ቢሏቸው ቢሏቸው አይቀመጡም አለኝ። ስልኩን ስጣቸው አልኩት። እስኪሰጣቸው ድረስ የዳማ ኮቴ መሬቱን ሲመታ በስልኩ ይሰማኛል።