የምራቂ ደረሰኝ ለጠየቁን ክቡር ኃላፊ

ቁጥር፦ መዝገብ ቤቱ ለምሳ ስለወጣ አልተሰጠውም
ቀን፦ ሚያዝያ 2003 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ኃይለጊዮርጊስ
የአእምሮ ውጤቶች ጥበቃና የገበያ ሥርዓት ማስከበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሐዋሳ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ለወገብዎ ጥንካሬን፣ ለዓይንዎ ብርሃንን፣ ከሁሉም በላይ ማኅተም ለሚመታው ቀኝ እጅዎ ዕረፍትን እመኛለሁ። እኛ በመናኸሪያ ያለን ወዳጆችዎ ከታሸገው በራችን በስተቀር ደህና ነን።

ኩማ እባላለሁ። ፊት ለፊት ቀርቤ እጅ እንዳልነሳ፣ ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ነዎት ተብያለሁ፤ ስብሰባው ስለ ቀልጣፋ አገልግሎት መሆኑን ስሰማ ግን በጣም ተጽናናሁ። ትምህርቴ እስከ አሥረኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ በላይ እንዳልደክም አገር አቀፍ ፈተናው በትሕትና ለመነኝ፣ እኔም ላለማስቀየም እሺ አልኩት። ሥራዬ ቫይረስ የበላው ኮምፒውተር ማከም ነው፤ እናቴ ግን «ሥራ ፈት» ትለኛለች፤ ገቢዬን አይታ ስለሆነ አልፈርድባትም። የእጅ ጽሑፌ ካስቸገረዎ ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ ታቢታ አሳምራ ትተይብልዎት ነበር፣ በሯ ታሽጎ ነው እንጂ።

ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነና መንገደኛም ሊያነበው ስለሚችል፣ እርስዎ የሚያውቁትን ነገር ባጭሩ ብደግመው እንዳይሰለቹብኝ። እህታችን ታቢታ መናኸሪያው አጠገብ የኮምፒውተር ጽሕፈት አገልግሎት የምትሰጥባት አንዲት ክፍል አለቻት። ሀብቷ አንድ ኮምፒውተርና ሲያስል የሚውል አንድ ፕሪንተር ነው። ማመልከቻ፣ የሠርግ ጥሪ፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ትተይባለች። ባለፈው ክረምት ደንበኞች በፍላሽ ያመጡት ቫይረስ ማሽኑን አልጋ ላይ ሲያስተኛው እኔ ተጠራሁና ነፃ ሶፍትዌር የሚባለውን ጫንኩላት። ይህ በየአገሩ ያሉ ሰዎች ተባብረው የጻፉት፣ ማንም እንዲጠቀምበት፣ እንዲያባዛው፣ ቢያሻውም እንዲለውጠው በጽሑፍ የፈቀዱት ፕሮግራም ነው። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አንተ በነፃነት እንደተቀበልከው ለሌላውም በዚያው ነፃነት ስጥ።

ታቢታ ደግሞ የገበያ ልጅ ናት። እናቷ ከቡሹሎ ጎመንና ቲማቲም እያመጡ ሲሸጡ አይታ ያደገች ስለሆነች፣ ደንበኛን ያለ ምራቂ መሸኘት ነውር ይመስላታል። ሻጭ መዝኖ ከጨረሰ በኋላ እጁን ሰዶ የሚጨምራትን ያችን አንዲት ቲማቲም መቼም ያውቋታል። የሚተይብ ሰው ግን ምን ይመርቃል? ማመልከቻ ላይ ሁለት ቃል ቢመርቁበት ባለጉዳዩን ያሳስረዋል። ስለዚህ ታቢታ የጽሑፉን ሒሳብ ተቀብላ ስታበቃ «ፍላሽህን አምጣ ልመርቅልህ» እያለች ፕሮግራሙን ከነፈቃዱ ትገለብጥለት ጀመር። ደንበኛው ወደደ፣ ወሬው ሮጠ፣ በሯ ላይ ሰልፍ ሆነ።

ሰልፍ ባለበት ደግሞ ኃላፊ አይጠፋምና ሠራተኞችዎ መጡ። «ዋጋው ስንት ነው?» አሉ፤ ዋጋ የለውም ተባሉ። «ደረሰኙስ?» አሉ፤ የምራቂ ደረሰኝ ከየት ይመጣል ተባሉ። ደረሰኝ የሌለው ዕቃ የተሰረቀ ዕቃ ነው ተብሎ ኮምፒውተሩ ተወሰደ፣ በሩ ታሸገ። ይኸው ታቢታ ዓመቱን ሙሉ የምትጠብቀው የመመረቂያ ጽሑፍ ሰሞን እንደ ማሸጊያው ወረቀት በፀሐይ እየደበዘዘ ነው። የቤቱ ባለቤትም ወሩ እስኪያልቅ ካልተከፈተ ለሌላ አከራያለሁ ብለዋል፤ ያኔ ታቢታ ወደ ቡሹሎ ጎመን ተመለሰች ማለት ነው።

እንግዲህ ከዚህ በታች ያለው ምስጋናዬ ነው። በቁጥር ያደረግሁት፣ ቁጥር የሌለው ነገር አያነቡም ሲሉ ሰምቼ ነው።

1. በመጀመሪያ ሕዝቡን ከስጦታ ስለጠበቁልን አመሰግናለሁ። ከታቢታ ማዶ ያለው ወዳጃችን በላይነህ የውጭ አገር ሰዎች በውድ የሚሸጡትን ፕሮግራም በባዶ ሲዲ እየገለበጠ ይሸጣል። ባለቤቶቹ እንኳን ሊፈቅዱለት፣ በላይነህ የሚባል ሰው መፈጠሩንም አያውቁም። እሱ ግን ደረሰኝ ይቆርጣል፤ ሥርዓት ያለው ሰው ነው። ታቢታ ገበያ አበላሸችብኝ ብሎ የከሰሳትም እሱ ነው። የክሱን ማመልከቻ የተየበችለት ራሷ ታቢታ ናት፤ እሱ ቆሞ እያነበበላት፣ እሷ አንድ ፊደል ሳትገድፍ። ፍላሽ ይዞ ስለነበርም እንደ ማንኛውም ደንበኛ መርቃለታለች። እኔ ባለችኝ አሥረኛ ክፍል እንደተረዳሁት፣ ደረሰኝ ያለው ሌብነት ንግድ ይባላል፤ ደረሰኝ የሌለው ስጦታ ደግሞ ሌብነት። ተሳስቼ ከሆነ ያርሙኝ፤ እርማቱ በደረሰኝ ቢሆን ደስ ይለኛል።

2. በመረከቢያው ወረቀት ላይ «ሶፍትዌር፣ ብዛት አንድ» ተብሎ መጻፉን ሳይ ለጥንቃቄዎ አድናቆት አደረብኝ። ሐይቁ ዳር ካለው የአሞራ ገደል ገበያ አንድ ዓሣ ቢወርሱ ባለ ዓሣው ባዶ እጁን ይቀራል። ይህ ግን ሲሰጡት የማይጎድል ጉድ ነው፤ ታቢታ ለግማሽ ከተማ አድላው ለራሷ ሙሉው ቀርቶላት ነበር። እርስዎ አንዱን በቁጥጥር ሥር ሲያውሉ ወንድሞቹ በየትምህርት ቤቱ፣ በየመዝሙር ክፍሉ፣ በየሱቁ ሥራቸውን ይሠራሉ። ከተማውን የዞረ ወሬ ለማስቆም አንዲት ጎረቤት እንደማሰር ነው። ቢሆንም አንዱን ይዘዋልና እንኳን ደስ ያለዎት።

3. አቤት ልንል ቢሮዎ ስንመጣ አንድ ሠራተኛዎ በርኅራኄ ወደ ጥግ ወሰዱንና «እናንተ ልጆች፣ ዝም ብላችሁ ትንሽ አስከፍሉበትና ደረሰኝ ቁረጡ፣ ማን ይነካችኋል?» አሉን። ሌሎች በነፃ በሰጡን ነገር ላይ ቁጭ ብለን ዋጋ እንድንለቅም መሆኑ ነው። ከራሳቸው በላይ «ኪራይ ሰብሳቢነትን በጽናት እንታገላለን» የሚል ትልቅ ጨርቅ ተሰቅሏል። ታገልን እኮ። የታሸግነው ለዚያ ነው።

4. የፕሮግራሙ ባለቤት ማን እንደሆነ በማኅተም የተደገፈ ማስረጃ አምጡ ተባልን። የፈቃዱን ጽሑፍ አሳትሜ አመጣሁ፤ ማኅተም የለውም ተባለ። ባለቤቶቹ ብዙ ናቸው፣ በየአገሩ ናቸው፣ አንዳንዶቹማ አሁን እዚያ ሌሊት ስለሆነ ተኝተዋል ብዬ አስረዳሁ፤ በአካል ቀርበው ይፈርሙ ተባለ። ሐሳቡ ድንቅ ነው። ሁሉም ቢመጡ የከተማችን አልጋ ቤት ይሞላል፣ ባጃጁ ይሮጣል፣ ዓሣውም ይሸጣል። ያን ቀን ብቻ መዝገብ ቤቱ ለምሳ እንዳይወጣብን አደራ።

ለአምስተኛው ምስጋናዬ ቁጥር አልሰጠሁትም፤ ያየሁዎት በሥራ ሰዓት አይደለማ። ቅዳሜ ጠዋት አሞራ ገደል ዓሣ ሻጯ ጫልቱ ዘንድ ቆመው ነበር። ቆሮሶ ዓሣዎን መርጠው፣ ተከራክረው፣ ሒሳብዎን ከከፈሉ በኋላ ፌስታሉን ሳይቋጥሩ «በይ እንጂ መርቂልኝ» አሉ። አንዲት ትንሽ ቆሮሶ ጨመረችልዎ። «ይቺማ ለድመት ነው» አሉ። ሌላ ጨመረች። ደረሰኝ ሲጠይቁ አልሰማሁም፤ የሐይቁ ነፋስ ወስዶብኝ ይሆናል። ሐይቁ ዓሣውን በየትኛው ማኅተም እንደሰጣትም አልጠየቋትም። እኔ ከኋላዎ የዓሣ ትራፊ ከሚጠብቁት አባ ኮዳ አሞራዎች ጋር ቆሜ ነበር፤ እነሱም እኔም የምንጠብቀው ያችኑ ምራቂ ስለሆነ ተግባብተን ነው የዋልነው።

ታቢታ ይህን ደብዳቤ እንዳልጽፍ ለምናኛለች። «ኩማ፣ ትልቅ ሰው አይቀለድበትም። ደግሞ ያንተ ነፃ ነገር ነው ለዚህ ያበቃኝ» ብላኛለች፤ ግማሹ እውነት ነው። እኔም ልተወው ብዬ ነበር። ባለፈው ሳምንት ጽሕፈት ቤትዎ ያ ማስታወቂያ ባያወጣ ኖሮ ዝም ባልኩ።

ማስታወቂያውን ከመናኸሪያ እስከ ሐይቁ ዳር ባለው ምሰሶ ሁሉ ላይ ለጥፈውታል። «የሰውን የአእምሮ ውጤት ያለ ደረሰኝ ማባዛትና ማደል በሕግ ያስቀጣል» ይላል። ቆንጆ ነው፤ ፊደሉ የደመቀ፣ ኅዳጉ የተስተካከለ። እግርጌው ላይ ግን በትንንሽ ፊደል እንዲህ የሚል አለ፦ «በታቢታ የጽሕፈት አገልግሎት ተጻፈ። ፍላሽ ይዘው ይምጡ፤ ምራቂዎን ሳይቀበሉ አይሂዱ።»

ክቡር ሆይ፣ ይህችን መስመር ማሽኑ በሚያትመው ገጽ ሁሉ ላይ ራሱ እንዲጨምር ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ማሽኑን ሲወርሱ እሷንም አብረው ወርሰዋታል። እኛ ኮምፒውተራችን በማስረጃነት ዕቃ ግምጃ ቤት ተዘግቶበት አቧራ ይጠጣል ብለን ስናዝን፣ ለካ ታሳሪው የጽሕፈት ክፍል ተመድቦ ደህና ሥራ ይሠራ ኖሯል።

ሕዝባችን ደግሞ የመንግሥት ማስታወቂያ ያምናል። የታቢታን በር ታሽጎ ቢያገኘው፣ ወረቀቱ የወጣው ከእርስዎ ዘንድ ነውና ፍላሹን ይዞ ወደ እርስዎ መጣ። ጸሐፊዎ ሙንተሃ መጀመሪያ «የምን ምራቂ?» ብላ ግራ ተጋባች አሉ። አንድ አባት ግን ግድግዳው ላይ ያለውን «ተገልጋይ ሳይረካ አይመለስም» የሚለውን የዜጎች ቻርተር በከዘራቸው ጠቆሙና «ልጄ፣ ይኼ የእናንተ አይደለም?» አሏት። ገለበጠችላቸው። ከኋላቸው ያለውም ተገልጋይ ነውና ለእሱም ገለበጠች። እኔም ተሰልፌ ደርሶኛል። ለማረጋገጥ ያህል ደረሰኝ ብጠይቃት ሳቀችብኝ፤ «አንተ ደግሞ፣ የምራቂ ደረሰኝ የት አይተህ ታውቃለህ?» አለችኝ። ይህን የጽሕፈት ቤትዎ አቋም አድርጌ በአክብሮት ተቀብያለሁ። እሷን እንዳይቆጧት፤ ቻርተሩን ያሰቀሉት እርስዎ ነዎት።

እንግዲህ ታቢታ ያደረገችውን ጽሕፈት ቤትዎ አደረገው፤ በዚያው ማሽን፣ ያንኑ ፕሮግራም፣ ያለ ዋጋና ያለ ደረሰኝ። ሕጉ አንድ ከሆነ የእርስዎ ቢሮ ይታሸጋል፣ ወይም የእሷ በር ይከፈታል። የማሸጊያ ወረቀት ከቸገረዎ ከታቢታ በር ላይ ያለው ሙጫው አሁንም ደህና ነው፤ ነቅለው መውሰድ ይችላሉ። አንድ ወረቀት ለሁለት በር እንደማይበቃ ግን አስቀድሜ ላሳስብዎ እወዳለሁ።

ፕሮግራሙን አንጠይቅዎትም። ይቅርልዎ፣ ይጠቀሙበት፣ ለወዳጅ ዘመድዎም ያድሉት፤ ሲሰጡት አይጎድልብንም። ኮምፒውተሩ ግን እንደ ዓሣው ነው፦ እርስዎ ዘንድ ካለ እኛ ዘንድ የለም። ወሩ ሳያልቅ ይመልሱላት። የምትተይበው ሌላ ማሽን የላትም።

ለማኅተምዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለስብሰባዎ መልካም ፍጻሜ እየተመኘሁ፣ ከአሞራ ገደል በቀር የትም የማላገኝዎት ታዛዥዎና ተራ ጠባቂዎ፣

ኩማ
ከታሸገው በር ደረጃ ላይ

ግልባጭ፦
ለእህታችን ታቢታ፣ እንዳትቆጣኝ
ለዓሣ ሻጯ ጫልቱ፣ ለወደፊቱ እንድትጠነቀቅ
ለወዳጄ በላይነህ፣ በነፃ የተሰጠ መሆኑን አውቆ እንዳይሸጠው
ፍላሽ ላለው ሁሉ

ማስታወሻ፦ የእኛን ማሽን ወደ ሥራ ያስገቡት የራስዎ ኮምፒውተሮች በቫይረስ ስለወደቁ መሆኑን ሰልፉ ላይ ሳለሁ በዓይኔ አይቻለሁ። ያልወደቁትም ቢሆኑ ፊታቸው ጥቁር ለብሶ፣ ከታች ጥጋቸው ላይ «ይህ ቅጂ ሕጋዊ አይደለም» የሚል ጽፈው ተቀምጠዋል። በላይነህ ለገዛችሁት ሲዲ ደረሰኝ መቁረጡን አልጠራጠርም። ሐዘኑ ከበዛባቸው ይላኩብኝ፤ መጥቼ ጥቁሩን አወልቅላቸዋለሁ። በነፃ ነው። ደረሰኝ ብቻ እንዳይጠይቁኝ።